ቡገንቪሊያ በመኖሪያ ግቢ፦ የችግኝ አፈላል፣ አተካከልና አያያዝ

በድሬዳዋ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር የብዙ ግቢዎችን አጥር አልብሶ የሚታየው ቡገንቪሊያ የአበባ ችግኝ ለሚያፈሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ገቢ ሊያስገኝ የሚችል ተክል ነው። ነገር ግን ስለዚህ ተክል ሁለት አቤቱታዎች ወደ ልማት ሠራተኛው ደጋግመው ይመጣሉ። አንደኛው «የገዛነው ችግኝ በተተከለ በሳምንቱ ደረቀ» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ቅጠል እንጂ አበባ አላየንበትም» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ በይበልጥ የሚያተኩረው በነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው።

የተክሉ ጠባይ

ቡገንቪሊያ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው የመርከብ አዛዥ ከሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ሲሆን፣ አብሮት ይጓዝ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ፊሊቤር ኮመርሰን ተክሉን እ.ኤ.አ. በ1767 በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ አካባቢ አገኘው። ሰው አበባ የሚለው ባለቀለሙ ክፍል የተለወጠ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ በሦስቱ ባለቀለም ቅጠሎች መካከል ያለችው ነጣ ያለች ትንሽ ቱቦ ናት።

ተክሉ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል። ውርጭ አይችልም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋማ ከተማ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ቢተከል ይበቅላል፤ ውርጭ በሚጥልበት ረባዳ ቦታ መትከል ግን በከንቱ መድከም ነው። በዋልካ አፈር ላይ የሚተከል ከሆነ አፈሩ ከፍ ተደርጎ መደብ ሊሠራለት ይገባል።

ችግኝ ማፍላት

የሚራባው በግንድ ቁራጭ ነው። አበባው ካለፈለት ጤናማ እናት ተክል፣ በጥርና በየካቲት ወራት፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውና ጠንከር ያለ ቅርንጫፍ ይመረጣል። ለጋው ጫፍ ስለሚበሰብስ ይጣላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ከሦስት ያላነሱ አንጓዎች ይኑሩት፤ ከታች ከአንጓው ሥር በስለታም መቀስ ይቆረጥ፤ ቅጠሉም ይመልመል። ሁለት እጅ አሸዋና አንድ እጅ አፈር በተሞላ የችግኝ ላስቲክ ውስጥ ግማሹ ድረስ ተተክሎ በዳስ ጥላ ሥር ይቀመጣል። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ።

ሥር ለማውጣት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ሥር ከማውጣቱ አስቀድሞ ቅጠል ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል፣ ያንን አይቶ «ጸድቋል» ብሎ ለገበያ ማቅረብ ትልቅ ስሕተት ነው። ላስቲኩ ሥር ባለው ቀዳዳ በኩል ነጭ ሥር ብቅ ሲል ነው ችግኙ ደርሷል የሚባለው።

ማዛመት

የመጀመሪያው አቤቱታ መነሻ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የቡገንቪሊያ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ የያዘውን አፈር አጥብቆ አይጨብጥም። ችግኙን አንገቱን ይዘው ከላስቲኩ ቢመዙት አፈሩ ይረግፋል፣ ሥሩም አብሮ ይበጠሳል። ስለዚህ ወርዱም ጥልቀቱም 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተዘጋጅቶ፣ የላስቲኩ መቀመጫ ብቻ በምላጭ ይቆረጥና ችግኙ ከነላስቲኩ ይገባል። ከዚያም ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ዙሪያውን አፈር ከተሞላ በኋላ ላስቲኩ በቀስታ ወደ ላይ ይሳባል። ይህን ለገዢው በቃል መንገር አይበቃም፤ ማኅበሩ በሽያጭ ቦታ አንድ ችግኝ ተክሎ ቢያሳይ ይመረጣል። ለአጥር ሲሆን በችግኞች መካከል ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይተው። የመትከያው ወቅት ሰኔ ነው።

አበባ ስለ መከልከል

አንዲት እናት ለልማት ሠራተኛው «ልጄ፣ በየማለዳው አጠጣዋለሁ፣ ፍግም አልነፈግሁትም፤ ምን አጎደልኩበት?» ቢሉት፣ መልሱ «እማማ፣ ምንም አላጎደሉበትም፤ አብዝተውለት ነው» የሚል ነው። ውሃና ናይትሮጅን ሲበዛለት ተክሉ ቅጠልና ረጃጅም ቀንበጥ ያበዛል። ዩሪያ ለዚህ ተክል አይመከርም፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በክረምት መግቢያ፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ይበቃዋል። በተተከለ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዝናብ ካቋረጠ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጠጣ። ሥር ከሰደደ በኋላ ግን አፈሩ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ በጣት ተዳስሶ ደረቅ ሲሆን ብቻ በብዛት አጠጥቶ እንደገና እስኪደርቅ መተው ነው። በጋ ላይ ጥቂት መጠማቱ አበባውን ያመጣዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ያለ ጊዜው መግረዝ ነው። አበባው የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ ዋናው ግረዛ በግንቦት መጨረሻ ተደርጎ ቀንበጡ በክረምቱ ዝናብ ቢያድግ መልካም ነው። ከነሐሴ ወዲህ መቀስ አይንካው፤ ለመስቀል ግቢን ለማሳመር ተብሎ የሚደረገው ግረዛ የበጋውን አበባ ይዞ ይሄዳል። እሾሁ ክፉ ነውና ጓንት ያስፈልጋል፤ የተገረዘውም ቅርንጫፍ ሕፃናት በባዶ እግር ከሚሮጡበት ይራቅ።

ተባይ ብዙ አያስቸግረውም። በለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ ከታየ በሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል።

በመጨረሻም ለማኅበራት አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከቁራጭ የሚበቅል ችግኝ የእናቱን ቀለም ይወርሳል፤ ሲሸጥ ግን አበባ ስለማይኖረው ቀዩ ከነጩ አይለይም። ስለዚህ ቁራጩ በተቆረጠበት ዕለት በየመደቡ የእናት ተክሉን ቀለም የሚገልጽ ምልክት ይተከል።