የኮድ ኤዲተርን እንከን ስለ ማስታወቅና አዲስ አገልግሎት ስለ መጠየቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለሰው አካል የተነገረ ቢሆንም፣ ሰው ለሠራው መሣሪያም ይስማማል። መሣሪያ አፍ ስለሌለው በሽታውን የሚናገርለት ተጠቃሚው ነው። ተጠቃሚው ዝም ካለ ሠሪው አያውቅም፤ ሠሪው ካላወቀም እንከኑ እንዳለ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጻፍበት ኮድ ኤዲተር የሚባለው መሣሪያ እንከን ሲገኝበት ለሠሪዎቹ እንዴት እንደሚነገርና፣ የጐደለው አገልግሎት እንዴት እንደሚጠየቅ ነው።

ኮድ ኤዲተር ምንድን ነው?

ኮድ ኤዲተር ማለት ፕሮግራም ሠሪው ትእዛዙን የሚጽፍበት፣ የሚያርምበትና የጻፈውን የሚፈልግበት ሰሌዳ ነው። ትእዛዝንና ስምን በቀለም ይለያል፤ ተከፍቶ ያልተዘጋ ቅንፍ ሲኖር ያመለክታል። ከቀደሙት አንዱ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ለሕዝብ ያወጣው ጂኤንዩ ኢማክስ ነው። ከኋለኞቹ ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በብዙ አገር ይሠራበታል። ሁለቱም ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። አገራችን ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ጀምራለች። ይህን ትምህርት የሚማር ወጣት ሁሉ ዕለት ዕለት የሚገናኘው ከኮድ ኤዲተር ጋር ነው። እንግዲህ መሣሪያው ለፊደላችንና ለቋንቋችን ተስማምቶ እንዲሠራ ማሳሰብ የማን ሥራ ነው ቢባል፣ የተጠቃሚው ነው።

ስለ አንዲት የእሳት ራት

በእንግሊዝኛ የፕሮግራም እንከን «ባግ» ይባላል፤ ትርጕሙ ትኋን ወይም ሌላ ትንሽ ተባይ ማለት ነው። ቃሉ ከኮምፒዩተር በፊትም በመሐንዲሶች ዘንድ ይነገር ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 በአሜሪካ ሃርቫርድ ማርክ ሁለት በሚባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ በእርግጥ አንዲት የእሳት ራት ገብታ ተገኘች። ሠራተኞቹም ራቲቱን በመዝገባቸው ላይ ለጥፈው፣ የተገኘችበትን ሰዓት፣ በየትኛው ክፍልና በስንተኛው ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ እንደ ነበረች ጨምረው ጻፉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቀልዱን ብቻ አይደለም። እነዚያ ሠራተኞች «ኮምፒዩተሩ እምቢ አለ» ብለው አልተዉትም። ጊዜውን፣ ቦታውንና ማስረጃውን በአንድነት አስቀመጡ። መልካም ማስታወቂያ ማለት ይህ ነው። በድሬዳዋ በምድር ባቡር መጠገኛ የሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ነጂው መጥቶ «ባቡሩ ታሟል» ቢል መካኒኩ ከየት ይጀምራል? «ዳገት ሲወጣ፣ ጭነት ሲበዛበት፣ ከሦስተኛው ጎማ አጠገብ ይጮኻል» ቢለው ግን የሥራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው።

ሦስቱን ለይቶ ማወቅ

ማስታወቂያ ከመጻፉ በፊት ነገሩ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

1ኛ/ የራስ ስሕተት ነው። ለምሳሌ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በግዕዝ ፊደል ስም ማውጣት ይቻላል። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው መስመር «ሀገር» ብሎ ሰይሞ በአሥረኛው መስመር «ሐገር» ብሎ ቢጠራው፣ ፕሮግራሙ ስሙን አላውቀውም ብሎ ይቆማል። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ቍጥሮች ያሏቸው ሦስት ፊደሎች ናቸውና። ይህ የኤዲተሩ እንከን አይደለም፤ መታረም ያለበት ጽሑፉ ነው።

2ኛ/ እንከን ነው። ይኸውም መሣሪያው አደርጋለሁ ያለውን ሳያደርግ ሲቀር ነው። ፋይሉን አስቀምጥ ተብሎ ሳያስቀምጥ ቢዘጋ፣ ወይም የተጻፈውን ፊደል ለውጦ ቢያሳይ እንከን ይባላል።

3ኛ/ ምኞት ነው። መሣሪያው የታዘዘውን ሁሉ እየፈጸመ ሳለ ተጠቃሚው ሌላ አገልግሎት ሲፈልግ የሚቀርበው አዲስ ጥያቄ ነው። «ሀገር ብዬ ስፈልግ ሐገር የተጻፈውንም አምጣልኝ» ማለት ምኞት እንጂ እንከን አይደለም።

እነዚህን የሚያደባልቅ ሰው ምኞቱን እንደ ክስ ያቀርባል፤ ሠሪውም ጥፋት የለብኝም ብሎ መዝገቡን ይዘጋዋል። ስለዚህ ለይቶ ማወቅ የትሕትና ብቻ ሳይሆን የጥቅምም ጉዳይ ነው።

ማስታወቂያው እንዴት ይጻፋል?

«ኤዲተራችሁ አማርኛ አይችልም፤ ቶሎ አስተካክሉ!» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቍጣውን አስታወቀ እንጂ እንከኑን አላስታወቀም። ከዚህ በታች ያለውን ግን እንመልከት።

ርእስ፦ ቃል ስመርጥ አራት ነጥቡ አብሮ ይመረጣል።
መሣሪያው፦ የኤዲተሩ ስምና የእትሙ ቍጥር፤ የኮምፒዩተሩ ዐይነት።
አደራረጉ፦ 1. አዲስ ፋይል መክፈት። 2. «ከዋሂል መጣች።» ብሎ መጻፍ። 3. «መጣች» በሚለው ቃል ላይ ማውሱን ሁለት ጊዜ መጫን።
የተጠበቀው፦ «መጣች» ብቻ እንዲመረጥ።
የሆነው፦ «መጣች።» ከነአራት ነጥቡ ተመረጠ።

ይህን ያነበበ ሰው አማርኛ ባያውቅም ሦስቱን ተግባሮች በራሱ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ነገሩን በዓይኑ ያየዋል። የማስታወቂያ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ አንባቢው ጸሐፊውን እንዲያምነው ሳይሆን ራሱ እንዲያየው ማድረግ።

የቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ሁኔታ በእርግጥ እንዲህ ነው። ኤዲተሩ ቃልን ከቃል የሚለይባቸው ምልክቶች ዝርዝር አለው፤ በዚህ ዝርዝር ከመጀመሪያው የተጻፉት በእንግሊዝኛ የጽሕፈት ገበታ ላይ የሚገኙት ምልክቶች ብቻ ናቸው። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ የሉበትም። ነገር ግን ተጠቃሚው የማስተካከያውን ገጽ ከፍቶ እነዚህን ምልክቶች በገዛ እጁ ሊጨምራቸው ይችላል። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት የማስተካከያውን ገጽ መመርመር ያስፈልጋል። መፍትሔው በእጅ ካለ፣ የሚላከው ደብዳቤ «ተበላሽቷል» የሚል ሳይሆን «የግዕዝ ምልክቶች ከመጀመሪያው ይጨመሩልን» የሚል ጥያቄ ይሆናል።

በላቲን ፊደል ለሚጻፈው ኦሮምኛም ተመሳሳይ ነገር አለ። «ዛሬ» ለማለት የሚጻፈው ቃል በመካከሉ ሁዻ የምትባለው ትንሽ ጭረት አለችበት። ያች ጭረት ግን በኤዲተሩ ዝርዝር ውስጥ የቃል መለያ ሆና ተቈጥራለች፤ ስለዚህ ቃሉ ሲመረጥ ከሁለት ይከፈላል። ለአማርኛው ምልክት ጐደለ፤ ለኦሮምኛው ምልክት በዛ።

ስለ አዲስ አገልግሎት ጥያቄ

ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው ሦስት ነገር ማስረዳት ይገባዋል፤ ምን እንደሚፈልግ፣ ማን እንደሚጠቀምበትና ማንን ሊጎዳ እንደሚችል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሰ እና ሠ ሁልጊዜ እንደ አንድ ይቈጠሩ ብንል፣ ፊደልን ጠንቅቆ ለሚጽፍ ሰው ፀሐይ ወጣች የሚባልበት «ሠረቀ» እና ሌባ የወሰደበት «ሰረቀ» ተደባለቁበት ማለት ነው። ስለዚህ መልካሙ ጥያቄ «ለፈለገ ሰው ብቻ የሚበራ፣ ላልፈለገ የሚጠፋ ይሁን» የሚለው ነው።

መጠየቅ ዋጋ እንዳለው ታሪክ ይመሰክራል። ዛሬ በየስልኩ የምንጽፍበት ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያም አስቀድሞ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ፊደል የመወከል ዘዴ አዘጋጅተው ነበር፤ በኢማክስ ኤዲተር ውስጥ ያለውን የግዕዝ መሣሪያ የጻፈው ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶም በዚያው ዘዴ ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ 28 ፊደሎች በአሥራ አራተኛው እትም ተጨመሩ። እነዚህ ሁሉ የተገኙት የጐደለውን በዝርዝር ጽፈው ያቀረቡ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

የሃያ ሰው ድምፅ

የቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ሠራተኞች የሚመሩበት አንድ ደንብ ነበራቸው። አዲስ ጥያቄ ሲቀርብና ለሥራ ሊታጭ የሚችል ሆኖ ሲገኝ፣ በ60 ቀን ውስጥ 20 ሰዎች ድጋፋቸውን ካሳዩ ወደ ሥራ ዝርዝር ይገባል፤ ካልሆነ ይዘጋል። ብዙ ተጠቃሚ ላለው ቋንቋ 20 ድምፅ የአንድ ሰዓት ነገር ነው። ለእኛ ቋንቋዎች ግን ብቻውን የጻፈ ሰው ጥያቄው ምንም ያህል ትክክል ቢሆን በስድሳኛው ቀን ሊዘጋበት ይችላል።

ይሁን እንጂ 20 ሰው ማለት ስንት ነው? ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ቍጥር አይበልጥም። ስለዚህ አዲስ ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ሌላ ሰው ያንኑ ጽፎ እንደ ሆነ መፈለግ፣ ከተገኘም በእርሱ ላይ ድምፅንና የጐደለውን ማስረጃ መጨመር ይሻላል። ሃያ ሰዎች ሃያ ደብዳቤ ከሚልኩ፣ ሃያ ሰዎች አንዱን ደብዳቤ ቢደግፉ ይሰማሉ። በሚላከውም ጽሑፍ ውስጥ የይለፍ ቃልና የሰው ምስጢር እንዳይገኝ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የሚያነበው ዓለም ሁሉ ነውና።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። ይህ ምክር ለጉባኤና ለሸንጎ ይጠቅም ይሆናል። ለመሣሪያ ግን አይሠራም፤ ዝም በተባለበት መሣሪያ ውስጥ የእሳት ራቷ ገብታ ትቀራለች። መምህራን የእንከን ማስታወቂያን አጻጻፍ እንደ ማመልከቻ አጻጻፍ ቢያስተምሩን፣ ወላጆችም ልጆቻቸው በኮምፒዩተር ፊት የሚያጠፉት ጊዜ ምን እንደሚሠራበት ቢጠይቁ፣ እኛ ተማሪዎችም ያየነውን በትክክል፣ በትሕትናና በኅብረት ብናስታውቅ፣ መሣሪያው ለቋንቋችን እየተስማማ ይሄዳል።