ከባሕር ማዶ የሚላክ ርዳታና የተቀባዩ ኃላፊነት



በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን ለእናቱ ገንዘብ ሲልክ ደረሰኝ አይጠይቅም። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሲሰጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ ከአባቶቹ አገር ውጭ፣ በጠርሴስ የተወለደ ነበር። በኢየሩሳሌም ላሉ ድኾች ከመቄዶንያና ከአካይያ ገንዘብ አሰባስቧል። አሠራሩን ልብ እንበል። እያንዳንዱ በየሳምንቱ እንደ አቅሙ እንዲያስቀምጥ አዘዘ፤ የሚያደርሱትንም ሰዎች ራሳቸው ሰጪዎቹ እንዲመርጡ አደረገ (1ኛ ቆሮ. 16፥1-4)። ሐዋርያ ሆኖ ሳለ እንኳ ብቻውን አልያዘውም! ነቀፌታ እንዳይነሣ ተጠንቅቋልና (2ኛ ቆሮ. 8፥20)።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በቀን አንድ ዶላር እንዲሰጡ ጠየቁ፤ በዓመት 365 ዶላር መሆኑ ነው። ለዚሁ የተቋቋመው የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። አንድ ሚሊዮን ሰው ሰጥቶ ቢሆን 365 ሚሊዮን በሆነ ነበር። ያልሰጠው ሁሉ ንፉግ ነው አንልም፤ ገንዘቡ ከታሰበለት ቦታ መድረሱን የተጠራጠረም ብዙ ይመስለናል።

በማራኪ ያለን ወጣቶችስ? የሰጪውን ስም በግድግዳ ላይ መጻፍ ደስ ያሰኛል፤ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደ ገባ መጻፍ ግን ይበልጣል። ከመካከላችን የሒሳብ አያያዝ የምናጠና አለን። ሰበካ ጉባኤው ከፈቀደልን መዝገቡን እንያዝ፤ በየሦስት ወሩም የወጣውንና የቀረውን ለሰጪዎቹ በደብዳቤ እናሳውቅ፤ ሥራው ቢቆም እንኳ ለምን እንደ ቆመ ሳንደብቅ።