ስለ ደጃፍህና በደጃፍህ ስለሚቆመው መንገደኛ

የሰው ጠባይ የሚፈተነው በታላቅ ነገር ብቻ አይደለም፤ በደጃፉ በሚሆነው በጥቂቱ ነገር ደግሞ ይፈተናል። ስለዚህ በከተማችን ብዙ ጊዜ የሚሆነውን አንድ ነገር እንመልከት። የአውቶቡስ ፌርማታ ከነበረበት ስፍራ ተነሥቶ በአንድ ሰው ቤት ፊት በተተከለ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ምን ሊያደርግ ይገባዋል?

አንድ ሰው ብዙ ዓመት ቆጥቦ ጸጥ ባለ ስፍራ ቤት ሠራ እንበል። አንድ ቀን ሠራተኞች መጥተው የፌርማታውን ምልክት ከአጥሩ አጠገብ ተከሉ። ከዚያ ወዲህ ገና ሳይነጋ ሰው ይሰለፋል፤ የሞተር ድምፅና የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል፤ የሙዝ ልጣጭና የውሃ ፕላስቲክ ይጣላል፤ አንዳንዱም በአጥሩ ሥር ይሸናል። ባለቤቱ መኪናውን ሊያወጣ ሲል በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ይህ ሰው ቢያዝን አይፈረድበትም፤ ቤት የድካም ማረፊያ ነውና። ነገር ግን ኀዘኑ ወደ ቍጣ፥ ቍጣውም ወደ ጥላቻ እንዳይለወጥ ሦስት ነገር ማወቅ ይገባዋል።

አንደኛ፥ ፌርማታ ለምን እንደሚዛወር ይወቅ። በአዲስ አበባ የአንበሳ አውቶቡስ ሥራውን የጀመረው የጣልያን ወረራ ካበቃ በኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። ፌርማታ የምንለውም ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መቆሚያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው እጅግ ሰፋ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ተጀምሮ ብዙ መንገዶች ተለወጡ። መንገድ ሲለወጥ መቆሚያውም መለወጡ የማይቀር ነው።

የመንገድ ባለሙያዎች ስፍራ ሲመርጡ የሚመዝኑት ነገር አለ። አውቶቡስ ከመስቀለኛ መንገድ በፊት ተጠግቶ ቢቆም ወደ ቀኝ የሚታጠፈውን መኪና ያግዳል፤ በፊቱ የሚሻገረውንም እግረኛ ከሌላው ሾፌር ዓይን ይሰውራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከመስቀለኛው ወዲያ ማዶ ማቆም ይመረጣል። ደግሞም አንድ አውቶቡስ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው ገብቶ የሚወጣበት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ሕዝቡም ወደ ፌርማታ ለመድረስ ከ400 ሜትር፥ ማለት ከአምስት ደቂቃ መንገድ፥ ይልቅ ብዙ እንዳይሄድ ይታሰባል። እንግዲህ ስፍራው አንተን ለመጉዳት ተመረጠ ብለህ አትቸኩል፤ ምክንያቱን አስቀድመህ ጠይቅ።

ሁለተኛ፥ እውነተኛውን ጉዳት ከኩራት ይለይ። የሞተር ጭስ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋልና። የሌሊት ጩኸትም እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ይኸው ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የመንገድ ተሽከርካሪ ድምፅ በሌሊት ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። በርህም ቢዘጋ በሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ወይም የታመመውን ሰው ለማውጣት ያስቸግራልና ስለዚህ መናገር ይገባሃል። ነገር ግን “ድሀ በደጄ አይቁም፥ የማላውቀው ሰው በአጥሬ ጥላ አይረፍ” ማለት ጉዳት ሳይሆን ትዕቢት ነው።

ሕጉንም አስተውል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ስለዚህ ከአጥርህ ውጭ ያለው የእግረኛ መንገድ ያንተ አይደለም። በአንቀጽ 43 ግን ሕዝብ አካባቢውን በሚነካ ሥራ ሐሳቡ እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቍጥር 1225 ባለ መሬት ከመልካም ጉርብትና ልክ በሚያልፍ ጭስ፥ ሽታ፥ ድምፅ ወይም ንዝረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል። ይህን ሕግ በሌላው ላይ ከመጥቀስህ በፊት ራስህ ለጎረቤትህ ጠብቀኸው እንደ ሆነ ተመልከት።

ሦስተኛ፥ አቤቱታውን በሥርዓት ያቅርብ። በቍጣ ቀን አትጻፍ። አስቀድመህ ሁለት ሳምንት ያህል የሆነውን ነገር ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ጽፈህ ያዝ፤ ፎቶግራፍም አንሣ። ከዚያም ጎረቤቶችህን ሰብስበህ ተማከር፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና። ወደ ወረዳውና ወደ ትራንስፖርት ቢሮው ስትሄዱ “አንሡልን” ብቻ አትበሉ፤ መፍትሔውን ቍረጡና ለምኑ፤ ይኸውም ምልክቱ በሩን እንዳይዘጋ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ እንዲል፥ የቆመ አውቶቡስ ሞተሩን እንዲያጠፋ፥ የቆሻሻ መጣያና መብራት እንዲተከል፥ በአቅራቢያው የሕዝብ መጸዳጃ እንዲሠራ ነው። ያልሆነውን ሆነ አትበል፤ ያልፈቀደውን ሰው ስም አትጻፍ፤ ለማንም መማለጃ አትስጥ።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ተጠንቀቅ። ፌርማታው ከደጅህ ተነሥቶ የሚናገርላት ወደሌላት መበለት ደጅ እንዲሄድ አታድርግ። አንተ ዘመድ በቢሮ አለህ፥ እርስዋ ግን የላትም። ሸክምህን በደካማው ትከሻ ላይ አዛውረህ በሰላም ብትተኛ እንቅልፍህ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ነው። ባልንጀራዬን እወድዳለሁ የሚል ክርስቲያን ፍቅሩ የሚታወቀው በዚህ ነው።

አቤቱታህም መልስ እስኪያገኝ ድረስ፥ መልሱም እንደ ፈቃድህ ባይሆን፥ በሌሊት ምልክቱን አትንቀል፤ በቆሙትም ላይ ውሃ አትድፋ። በደጅህ የሚቆሙት እነማን እንደ ሆኑ ተመልከት። ከንጋቱ 11 ሰዓት የምትቆመው መንገድ የምትጠርግ ሴት ናት፤ ከእርስዋ በኋላ ተማሪው፥ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው ሽማግሌና ነፍሰ ጡሪቱ ይመጣሉ። ከእነርሱ ማንም ፌርማታውን በቤትህ ፊት አልተከለም። ደህና አደራችሁ በላቸው። የሚቀመጡበት ድንጋይ ብታኖርላቸው፥ የበርህንም መብራት ብታበራላቸው ወጪው ጥቂት ነው። የሚያከብርህም ሰው አጥርህን ያከብራል፤ ሌላው ሲያቆሽሸው እርሱ ይከለክልልሃል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ብቻህን ሆነህ ራስህን ጠይቅ። የምከስሰው ጉዳት እውነተኛ ነውን? የምለምነው መፍትሔ ሌላውን አይጐዳምን? ዛሬ ጠዋት በደጄ የቆመውን ሰው በመልካም ፊት አይቼዋለሁን? ለሦስቱ በቅንነት መመለስ ከቻልህ አቤቱታህን ይዘህ ያለ ፍርሃት ሂድ።