የተሳላሚ ስንቅ
ለልደት ወደ ላሊበላ በእግር ለምትጓዙ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኅዳር 15 ቀን የተያዘው ጾመ ነቢያት ወደ መፈጸሚያው ሲቃረብ ከየአገሩ ብዙ ሕዝብ በእግሩ ወደ ቅዱስ ላሊበላ ይጓዛል። ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችን ልደትና የጻድቁ ንጉሥ ልደት በአንድነት ይከበራልና። ዘንድሮ በእግሬ ልሳለም ያላችሁ ካላችሁ “ምን ልያዝ?” ከማለታችሁ በፊት “ምን ልተው?” በሉ።

ጌታችን ሐዋርያትን ሲልካቸው ከረጢትና ሁለት ልብስ እንዳይዙ አዘዛቸው፤ በትርና ጫማ ግን አልከለከላቸውም (ማር. 6፥8-9)። ስለዚህ ትርፉን መተው እምነት ነው፤ ለመንገድ የግድ የሚያስፈልገውን መያዝ ደግሞ እምነት ማጣት አይደለም።

እኔ ራሴ በመጀመሪያው ጉዞዬ ይህን አላስተዋልኩም ነበር። ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሦስት ቅያሪ፣ ትልልቅ መጻሕፍትና ሙሉ ድፎ ዳቦ ተሸክሜ፣ አዲስ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ተረከዜ ውኃ ቋጠረ። ዳገቱ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ትንሽ ቋጠሮ ይዘው “ልጄ፣ እስከ ላይ ድረስ ይቺን ያዝልኝ” አሉኝ። “እማማ ይቅርታ፣ እኔም ከብዶኛል” አልኳቸው። እሳቸውም ሳይቀየሙ “እግዜር ያቅልልህ” ብለውኝ አለፉ። ያቺን ቋጠሮ እንዳልይዝ የከለከለኝ አንድ ቀን እንኳ ያልዘረጋሁት ሁለተኛው ብርድ ልብስ ነበር። አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ታዘናል (ገላ. 6፥2)፤ ትከሻችን በራሳችን ትርፍ ከተያዘ ግን በምን እንሸከማለን?

እንግዲህ ስንዘጋጅ እነዚህን ልብ እንበል፦

ሀ. ጫማ። አዲስ ጫማ ለመንገድ አይሆንም። ዳዊት የሳኦልን የጦር ልብስ ያወለቀው ስላልለመደው ነው (1ኛ ሳሙ. 17፥39)። ቀድማችሁ ብዙ የሄዳችሁበት ሸራ ጫማ ወይም የለመዳችሁት በረባሶ ይሻላል። ካልሲ ሁለት ጥንድ ያዙ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይደረጋል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ ሁሉ ጫማ ስለሚወልቅ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን።

ለ. ልብስ። አንድ ጋቢ ቀን ልብስ፣ ማታ ብርድ ልብስ ይሆናል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የታኅሣሥ ሌሊቷ ይበርዳል፤ ስለዚህ ጋቢውን ከብዶኛል ብላችሁ አትተዉት። ከነጠላ ሌላ አንድ ቅያሪ ይበቃል። መሬት ላይ የሚነጠፍ ስስ ላስቲክ ብትጨምሩ ከእርጥበት ያድናችኋል።

ሐ. ስንቅ። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ያለ ቅቤ የተሠራ ዳቦ ቆሎ ለጾምም ለመንገድም የተስማሙ ናቸው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ድርቆሽም ውኃው ስለደረቀ ቀላል ነው። ድፎ ዳቦ ግን ይከብዳል፣ ከቀናት በኋላም ይሻግታል። ለነገ ብለው ያስተረፉት መና እንደተበላሸ አስታውሱ (ዘጸ. 16፥20)። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ሆኖም በውኃ አትሰስቱ። ቀጣዩ ውኃ የት እንዳለ እየጠየቃችሁ እስከዚያ የሚያደርሳችሁን ያዙ፤ የወንዝ ውኃ ከሆነ አፍሉት ወይም በውኃ ማከሚያ አክሙት።

መ. ሌላው ዕቃ። ፋሻ፣ መርፌና ክር፣ ትንሽ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ እሱን፣ የኪስ ውዳሴ ማርያም፣ ለመባ ጧፍና ዕጣን። ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል?

ከመነሣታችሁ ከአንድ ሳምንት በፊት ሁሉንም ከረጢት ውስጥ ከታችሁ በሰፈር ሱቅ ሚዛን አስመዝኑት። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሸክሙ ከ6 ኪሎ ባይበልጥ መልካም ነው። ተሸክማችሁት እስከ ደብራችሁ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ የከበዳችሁን ቀንሱ። የቀነሳችሁት ልብስ ወደ ቁም ሣጥን አይመለስ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚበርዳቸው ነዳያን አሉና።

የታመማችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁና አቅም ያነሳችሁ ግን አስቀድማችሁ ሐኪምንና የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። በመኪና የሄደም ተሳላሚ ነው። ሁላችሁም መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳታጣሩ አትውጡ፤ ብቻችሁንም አትጓዙ።

ሚዛን የማይመዝነው ሸክምም አለ፤ እርሱም ቂም ነው። ከጎረቤት ተኳርፎ ሄዶ ተኳርፎ የሚመለስ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ ይዞት ሄዶ ይዞት ተመለሰ ማለት ነው። መባውን ከማቅረቡ በፊት ከወንድሙ ይታረቅ ዘንድ ታዟል (ማቴ. 5፥23-24)። ስለዚህ ከረጢቱን ከማሰራችሁ በፊት ሄዳችሁ ታረቁ።

በላሊበላ እንግዳን ተቀብሎ እግሩን ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። በልደት ዕለትም ካህናቱ በማሜ ጋራ ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ ድካሙ ሁሉ ይረሳል። እዚያ እስክትደርሱ ግን በመንገድ ላይ “ልጄ፣ ይቺን ያዝልኝ” የሚሉ እናት አይጠፉም። “እሺ እማማ፣ ያምጡ” ለማለት የሚበቃ ትከሻ ይዛችሁ ውጡ።

ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሰን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር