ለክረምቱ አኒሜሽን በየትኛው ሶፍትዌር እንሥራ?

እንደምታውቁት ጀመዓችን ክረምት ወደየሰፈራችን ስንመለስ ለመድረሳ ልጆች የምናሳየው የ6 ደቂቃ አኒሜሽን ለመሥራት ተነሥቷል። ታሪኩ የወደቀ ቦርሳ ስላገኘ ልጅ ነው፤ ርእሱ አማና። ጽሑፉ አልቋል፣ ድምፅ የሚሰጡ እህቶችና ወንድሞችም ተገኝተዋል። የቀረው ክርክር «በምን እንሥራው?» የሚለው ነው። ያለን ደግሞ ሁለት ላፕቶፕ ነው፤ አንዱ 4፣ ሌላው 8 ጊጋባይት ራም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ያሳያል። በእጅ በሚሳል አኒሜሽን ግን አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ያህል ማቆየት የተለመደ ስለሆነ በሴኮንድ 12 ሥዕል ይበቃል። 6 ደቂቃ 360 ሴኮንድ ነው፤ በ12 ሲባዛ 4,320 ሥዕል። አትደንግጡ፤ ልጁ ቆሞ በሚያዳምጥበት ቦታ ያው አንድ ሥዕል ተደጋግሞ ያገለግላል። ከቁጥሩ የምንረዳው ግን ማቀናበሪያው በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎችን በተራ ቁጥራቸው እንደ አንድ ቪዲዮ አድርጎ መቀበል እንዳለበት ነው። ኬፕከትን የመሳሰሉ የስልክ መተግበሪያዎች እዚህ ላይ ያስቸግራሉ። ለአንድ ደቂቃ የዒድ መልእክት ግሩም ናቸው፤ ለዚህ ሥራ አልመርጣቸውም።

«ክራክ የተደረገ ፕሪሚየር ፕሮ በፍላሽ ላምጣላችሁ» የሚል ወንድም በየዶርሙ አይጠፋም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው 5ኛ ጉባኤው የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ እንደሆነና መድፈሩም እንደማይፈቀድ ወስኗል። ስለ አማና የሚያስተምር ፊልም በተሰረቀ መሣሪያ እንሥራ ካልን ከልጆቹ በፊት ራሳችን መጠየቅ ያለብን ጥያቄ አለ። በምህንድስና ዓይን ብቻ ብናየውም አያዋጣም፤ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲጫን ብዙ ጊዜ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። የአራት ዓመት ኖታችሁና የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ማለት ነው።

ደግሞም ግድ የሚለን ነገር የለም። ብሌንደር ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ምርጥ አኒሜሽን ተብሎ ኦስካር የወሰደው «ፍሎው» የተባለው የላትቪያ ፊልም የተሠራው በእሱ ነው። (ሶፍትዌሩ በነጻ ነው ማለት ግን ፊልሙ በነጻ ተሠራ ማለት አይደለም፤ ጊዜም፣ ባለሙያም፣ ሚሊዮኖች ዩሮም ፈጅቷል።) ብሌንደር ውስጥ «ግሪስ ፔንስል» በሚባለው ክፍል በእጅ መሳል፣ ያንኑ ማንቀሳቀስ፣ በመጨረሻም ቪዲዮና ድምፁን መቆራረጥ ይቻላል። ችግሩ ማሽኑ ነው። ከ4.0 ጀምሮ ያሉት እትሞች ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራምና ኦፕንጂኤል 4.3 የሚደግፍ ግራፊክስ ይፈልጋሉ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭራሽ ላይከፈት ይችላል። የቆዩት እትሞች አሁንም ከብሌንደር ድረ ገጽ ይወርዳሉ፤ 2.93 ለእኛ ይበቃል።

ስለዚህ በ8 ጊጋባይቱ ላይ ሥዕሉን በብሌንደር፣ ቆረጣውን በኬደንላይቭ እንሥራ እላለሁ። ኬደንላይቭ ከባድ ቪዲዮዎችን በትንሽ ቅጂ ተክቶ እንድንሠራ ያደርገናል፤ ስናወጣው ወደ ዋናው ይመለሳል። በ4 ጊጋባይቱ ላይ ፔንስል ቱዲና ሾትከት ይሻላሉ። ወረቀት ላይ ሥሎ በስልክ ማንሣትም ነውር የለውም። ዳቪንቺ ሪዞልቭን የሚያወድሱ ብዙ ናቸው፣ ነጻ እትሙም በእውነት ድንቅ ነው፤ ግን 16 ጊጋባይት ራምና ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ የሚፈልግ ነገር በእኛ ላፕቶፕ ላይ መጫን አህያን የግመል ጭነት ማሸከም ነው።

አሁን ብዙዎቻችን ወደምንንቀው ወደ ድምፅ ልምጣ። ልጆች ያልተስተካከለ ሥዕል ይታገሣሉ፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሡም። ሥዕሉም የሚለካው በድምፁ ነው፦ አያትየዋ «ልጄ፣ ይህ የማን ነው?» ለማለት 2 ሴኮንድ ከወሰደባት 24 ሥዕል ነው፣ 3 ከወሰደባት 36። ስለዚህ ድምፁ ቀድሞ ይቀዳ። ለዚህ ኦዳሲቲ ይበቃል፤ ነጻ ነው፣ በአሮጌ ማሽንም ይሠራል። ዶርም ውስጥ ስትቀዱ ብርድ ልብስ በዙሪያችሁ ስቀሉ፣ ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አርቁ፣ ከመናገራችሁ በፊት 5 ሴኮንድ ዝም በሉ። ያ ዝምታ ትርፍ አይደለም። ኦዳሲቲ የክፍሉን ሁምታ ከእሱ ይማርና ከንግግሩ ሥር ይቀንሰዋል። ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ቅነሳ በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተናጋሪው ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ፋይሉን እስከ መጨረሻው በዌቭ፣ በ48,000 ኸርዝ አስቀምጡ። ኤምፒ3 በየተቀመጠ ቁጥር ከጥራቱ ይቀንሳል፤ ዌቭ ደግሞ ለ6 ደቂቃ በአንድ ቻናል 35 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። ሙዚቃ እንደማንጠቀም ተስማምተናል፤ የሩዝ ቅንጣት ትሪ ላይ ሲፈስ እንደ ዝናብ ይሰማል፣ ሞክሩት።

ማንኛውንም ማቀናበሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ግን አንድ ፈተና ስጡት፦ አንድ መስመር በአማርኛ፣ አንድ መስመር በዐረብኛ ጻፉበት። አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ፎንት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጭናችሁ ምረጡ። ዐረብኛው ይበልጥ አደገኛ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ፊደሎቹን ሳይያያዙ፣ ይባስ ብሎም ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድሯቸዋል። አያ ወይም ሐዲስ የሚታይበት ቦታ ላይ ይህ የሚታለፍ ስሕተት አይደለም። እኔ የምመክረው ጽሑፉን በኢንክስኬፕ ጽፎ፣ ለኡስታዝ አሳይቶ፣ በፒኤንጂ ምስልነት ማስገባት ነው። ምስል ሆኖ ከገባ የትኛውም ሶፍትዌር አይበታትነውም።

መብራት የሚጠፋብን ሰዎች መሆናችንም አይረሳ። ብሌንደር አንዱን ምስል ለማውጣት 20 ሴኮንድ ቢፈጅበት 4,320ው 24 ሰዓት ይወስዳል። በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል እያወጣ ሳለ በ23ኛው ሰዓት መብራት ቢሄድና ባትሪው ባይዝ ፋይሉ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። በፒኤንጂ ምስሎች ካወጣን ግን የተሠሩት አይጠፉም፤ «ያለውን ደምስስ» የሚለውን ምርጫ አጥፍተን ካቆመበት እንቀጥላለን። ምስሉ፣ ድምፁ፣ ፎንቱ ሁሉ ከመጀመሪያው በአንድ ፎልደር ይሁን። የፕሮጀክት ፋይል የሚይዘው አድራሻቸውን እንጂ ራሳቸውን አይደለም፤ እሱን ብቻ በፍላሽ ይዛችሁ ብትሄዱ ሌላው ላፕቶፕ ላይ ባዶ ነው።

ሲያልቅ ሁለት ቅጂ አውጡ። ለፕሮጀክተር በ1080፣ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት፣ 360 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። በቴሌግራም ለሚላከው በ720 እና 2.5 ሜጋቢት በቂ ነው፤ 112 ሜጋባይት ገደማ። ከመላካችሁ በፊት ሁለተኛውን በርካሽ ስልክ ስፒከር፣ ጫጫታ ባለበት ካፌ ውስጥ አድምጡት፤ የአያትየዋ ድምፅ ካልተሰማ ወደ ኦዳሲቲ ተመለሱ።