ለጠባቧ የእንግዳ መታጠቢያ ቤት

ጥያቄ፦ አንዲት የሐዲያዋ ጃጁራ አንባቢ አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር የሆነችውን የእንግዳ መታጠቢያ ቤት በቦሄሚያን ስልት ማስዋብ ይፈልጋሉ። ከምን ይጀምሩ?

መልስ፦ ከቃጫ።

ስልቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ከነበሩ አርቲስቶች ኑሮ የወጣ ነው፤ የእጅ ሥራን፣ ተክልንና ደማቅ ቀለምን አንድ ላይ ያኖራል። ሐዲያና ከምባታ ደግሞ የእንሰት አገር ነው። እንሰቱ ሲፋቅ የሚቀረው ነጣ ያለ ጠንካራ ቃጫ ተጎንጉኖ የክብ መስታወት ጠርዝ ሲሆን፣ ከውጭ ከሚመጣው የገመድ ጌጥ የበለጠ ያምራል። እርጥበት ግን ያሻግተዋል፤ ከሻወሩ ራቅ፣ ከመስኮቱ ቀረብ ተደርጎ ይሰቀል።

ግድግዳው ክሬም ይቀባ። ደማቁ ቀለም ለፎጣና ለምንጣፍ ይቆይ፤ በጠባብ ክፍል አራቱም ግድግዳ ከደመቀ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ውሃ ለሚጠፋበት ቀን ከጀሪካን ይልቅ ክዳን ያለው የሸክላ ጋን ጥግ ላይ ይቀመጥ።

ጠያቂዋ መስታወቱን ከማዘዛቸው በፊት መስኮቱ በደንብ መከፈቱን ያረጋግጡ።