ከሲሲው በፊት ዳገቱን ጠይቁ

የእህቴ ልጅ የጤና ባለሙያ ናት። ከጉና ግርጌ ወዳለ ጤና ጣቢያ በተመደበች ሳምንት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ሞተር ልገዛ ነው፤ ሲሲው ስንት ይሁን?»

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት የመጀመሪያዬን ስገዛ ከዚህ ሌላ የጠየቅሁት ነገር አልነበረም። ደላላው ትልቅ ቁጥር ነገረኝ፤ ደስ አለኝ፤ ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ ነበር፣ ከክምር ድንጋይ ወረድ ብሎ ካለ የጭቃ መገንጠያ ላይ ልቆም ስል ግራ እግሬ መሬት ፈልጎ አጣ። ሞተሩ በቀስታ፣ እንደሚተኛ በሬ፣ ወደ ጎን ጋደለ። ላነሳው ታገልሁ፤ አልቻልሁም። ቤንዚኑ እየተንጠባጠበ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ገበሬዎች እስኪደርሱ ድረስ ዝናብ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። አንስተው ካቆሙልኝ በኋላ አንደኛው ጭቃውን ከእጁ እየጠረገ «ይኸ ለአንተ በዝቷል፣ ወንድሜ» አለኝ። ከዚያ የተሻለ የሞተር ምክር እስካሁን አልሰማሁም።

ስለዚህ ለልጅቷ ቁጥር አልነገርኋትም። «ጭቃ ላይ ቢወድቅ ብቻሽን ታነሺዋለሽ ወይ?» ብዬ መልሼ ጠየቅኋት።

መፈተኛው ቀላል ነው። ኮርቻው ላይ ቁጭ ብለው ሁለቱንም እግር ያውርዱ። የሁለቱም እግር መርገጫ ሙሉ በሙሉ መሬት መንካት አለበት፤ ጣት ብቻ ከነካ ለጀማሪ አይሆንም። ሱቁ ፊት ለፊት ያለው አስፋልት ለጥ ያለ ነው፤ የእኛ መንገድ ግን አንዱ ጎኑ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ቀጥሎ ሻጩን አስፈቅደው ሞተሩን ወደ ጎን ቀስ አድርገው ያጋድሉትና መልሰው ያቅኑት። በየከተማው የምናያቸው ቦክሰሮችና ቲቪኤሶች ከአንድ ኩንታል ትንሽ ከፍ ይላሉ። ጉልበተኛ ያልሆነ ሰውም ዘዴውን ካወቀ ያነሳቸዋል፤ ጀርባን ለሞተሩ ሰጥቶ፣ መሪውን በአንድ እጅ፣ የኮርቻውን ብረት በሌላው ይዞ፣ በወገብ ሳይሆን በእግር መግፋት ነው።

ከባድ ብረት በዚህ አገር ዳገት ምን እንደሚያደርግ ከደብረ ታቦር ሰው በላይ ማን ያውቃል? አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር፤ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ይዘውት ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። እሳቸው መንገድ የሚጠርግ ሠራዊት ነበራቸው። እርስዎ የሚኖርዎት ሁለት ክንድ ነው።

የወረዳ ቢሮዎችና የእርዳታ ድርጅቶች ለሠራተኛ የሚሰጡት ያማሃ ዲቲ 125 ለኮረኮንች የተሠራ ጠንካራ ሞተር ነው፤ ስሙ የገነነውም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ኮርቻው ከፍ ያለ ነው፤ ቤንዚንና ዘይት አብሮ የሚያቃጥል ስለሆነ ዘይቱን የረሳ ጀማሪ ፒስተኑን ያቃጥለዋል። ረዥም ቁመት ላለውና በመንግሥት ወጪ ለሚጠገንለት ይሁን። በራሱ ደመወዝ ለሚገዛ፣ አጠር ላለ ሰው አልመክርም።

አሁን ወደ ሲሲው ልመለስ፤ ጨርሶ የማይረባ ጥያቄ አይደለምና። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 በላይ። አየሩ ስስ ነው። ኢንጂን የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቃጥሎ ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ በደብረ ታቦር ከፍታ ካርቡሬተር ያለው ኢንጂን ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ቦክሰር 150 እዚህ ሲደርስ ባለ 9 ይሆናል ማለት ነው። 100 ሲሲው ደግሞ ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በር በኩል ሁለት ሰው ይዞ ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚደርሰው። ለከተማ ውስጥና ለፎገራ ሜዳ፣ ብቻውን ለሚነዳ፣ 100 ይበቃል። ዳገት ለሚወጣ ከ125 እስከ 150 ያለው ልኩ ነው። ከ200 በላይ ያለውን ለሁለተኛው ሞተር ያቆዩት፤ ጀማሪን የሚጥለው የጉልበት ማነስ ሆኖ አላየሁም።

ከባሕር ዳር የመጣ ሞተር እዚህ ጥቁር ጭስ ቢያወጣና ካንዴላው ጥላሸት ቢለብስ ተበላሽቷል ብለው አይደንግጡ። ካርቡሬተሩ የተለካው ለዝቅተኛ አገር ስለሆነ ለዚህ አየር የሚበዛ ቤንዚን ይልካል። ጥሩ መካኒክ ነዳጅ ማሳለፊያውን በጠበበ ቀዳዳ ቀይሮ ያስተካክለዋል፤ የቤንዚን ፍጆታውም ይቀንሳል። ሰማያዊ ጭስ ግን ሌላ ነው። ዘይት እየበላ ነው፤ ከዲቲና ከመሰሎቹ በቀር፣ ያንን አይተው ይሂዱ።

ስለ ጭቃ ጥቂት ልቆይ፤ ሻጭ የማይነግረን ይህን ነውና። የፎገራ ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። የአብዛኛው የከተማ ሞተር የፊት ጭቃ መከላከያ ከጎማው ጋር በጣም የተቀራረበ ነው። ዋልካው እዚያ መሐል ይጠቀጠቅና ጎማውን ጨርሶ ያስቆመዋል፤ እየነዱ ከሆነ ደግሞ መሪው ከእጅ ያመልጣል። ሐምሌ ላይ መንገድ ዳር በእንጨት ጭቃ የሚፈለቅቅ ሞተረኛ ካዩ ችግሩ ይኸው ነው። ሲገዙ ጣትዎን በጎማውና በመከላከያው መሐል ያስገቡ። ሦስት ጣት ተደራርቦ ካልገባ፣ መከላከያውን ከፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ መካኒክ ይጠይቁ። ጎማውም ጥርሱ ገባ ገባ ያለው ይሁን። የሽቦ ቸርኬ ቢያረጅም ሽቦው አንድ በአንድ ይቀየራል፤ የሚያብረቀርቀው ድፍን ቸርኬ ግን በጋይንት ድንጋይ አንዴ ከተሰነጠቀ ገንዘብ ሄደ ማለት ነው። በእግር የሚረገጥ ማስነሻ የሌለውንም አይግዙ። የጉና ጠዋት ባትሪን ያዳክማል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምርቱን ስም የሚመርጥልዎት እርስዎ ሳይሆኑ መካኒኩ ነው። ወደ ጋራዥ ሄደው «ምን ልግዛ?» አይበሉ፤ ሁሉም የራሱን ይወዳል። ይልቅ ግማሽ ቀን ቁጭ ብለው የትኛው ሞተር ተፈትቶ እንደተኛ፣ የትኛው መለዋወጫ በተጠየቀበት ሰዓት ከጎረቤት ሱቅ እንደሚመጣ ይመልከቱ። ካቴና፣ የፍሪሲዮን ሽቦ፣ ከመነዳሪና የፍሬን ሸራ በወረዳዎ ከተማ ከሌሉ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ያ ሞተር የእርስዎ አይደለም።

ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። እውነት ለመናገር ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ቤንዚን ፍለጋ መሰለፍም የለም። ለደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ፣ ቤቱ ሶኬት ላለው ሰው፣ መልካም ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ አድሮ በማግስቱ ዳገት ለሚመለስ ሠራተኛ ግን ገና ነው።

ያገለገለ ሞተር ለመግዛት ጠዋት ይሂዱ፤ እንደደረሱ ኢንጂኑን በእጅ ይንኩት። ሞቆ ከጠበቀዎት ሻጩ ቀዝቅዞ ሲነሣ እንዳያዩት ፈልጓል ማለት ነው፤ «ነገ እመለሳለሁ» ብለው ይውጡ። የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሥተው ወደ ጎን ያነቃንቁት፤ ከተንኳኳ ኩሽኔታው አልቋል። ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ እንደ መርፌ ከሾለ መቀየሪያውን ከዋጋው ያስቀንሱ። የብየዳ ምልክት በሻንሲው ላይ ካዩ ግን ዋጋ አይከራከሩ፤ ይሂዱ። የሻንሲና የኢንጂን ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ቁጥር በቁጥር ያመሳክሩ፤ በሊብሬው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያም ይገጥም። «ውክልና አለኝ» የሚል ሦስተኛ ሰው ከመጣ ባለቤቱን ያስጠሩ። ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ የተገዛ ሞተር፣ ባለቤቱ ከሞተ ወይም ከተጣላዎት፣ የክርክር ንብረት ነው።

ከመንጃ ፈቃድ ሌላ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ ጓዝ የጫነች አህያ ወይም ከገበያ የሚመለስ ሰው መንገድ ላይ ሲገባ የመድኑ ዋጋ ይገባዎታል። አንድ ሌላ ነገርም አለ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሞተር ሳይክልን ከመንገድ ባገደች ጊዜ ብዙ ሰው በሞተሩ የሚበላው እንጀራ በአንድ ማስታወቂያ ቆሞበታል። በእኛም ክልል በዚህ ዘመን የእንቅስቃሴ ገደብ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ወደሚሠሩበት ወረዳ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ምን እንደተፈቀደና በስንት ሰዓት እንደተፈቀደ ይጠይቁ።

ሄልሜቱን ከሞተሩ በፊት ይግዙ፤ ከሞተሩ የተረፈ ገንዘብ ስለማይኖር። ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ይህ የሚሠራው ግን ማሰሪያው አገጭ ሥር ሲታሰር እንጂ እንደ ማሰሮ መሪው ላይ ሲንጠለጠል አይደለም።

የመጀመሪያውን ወር ሰው አይጫኑ። ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ ዜሮ አድርገው የሚወርዱትን አይምሰሏቸው፤ በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልድያ በሠሩት መንገድ ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ብቻውን ግሎ ይከዳል። በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ ኢንጂኑ ራሱ ይይዝልዎታል። የፊት ፍሬን አብዛኛውን የማቆም ሥራ ይሠራል፤ ጭቃና ጠጠር ላይ ግን በጣት ብቻ፣ በስሱ ይነካል። ጉና ላይ ጉም ከወረደ መብራት አብርቶ መሄድ ሳይሆን መቆም ነው። አለቃዎ ቢቆጣ ይቆጣ።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ የገዛችው ያገለገለ 125 ሲሲ ነው፤ ኮርቻው ዝቅ ያለ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ የሽቦ ቸርኬ ያለው። ጓደኞቿ «የሽማግሌ ሞተር» ብለው ይቀልዱባታል። በዚህ ክረምት ሁለት ጊዜ ጥሏታል፤ አንዱን ጊዜ የክትባት ሣጥን ኋላ ላይ ታስሮ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሰው ሳትጠብቅ አንስታ ሄዳለች።